ለቅቤ እምቢ፣ ለወረቀት እሺ

ከመሥሪያ ቤታችን አጠገብ ካለችው ምሳ ቤት ፍርፍር አዝዤ ቅቤ ገብቶበት መጣልኝ። አስተናጋጇ ረስታ ነው። ሽታው ሳህኑ ጠረጴዛ ላይ ሳይቀመጥ ነገረኝ። «የኔ እህት፣ ጾም ነኝ» ብዬ መለስኩላት። ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችኝና ሌላ አመጣችልኝ። አልተቆጣሁም፣ አላመነታሁም። እምቢ ማለት በጣም ቀላል ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ያልገባ ዕቃ ገብቷል ብዬ ፈረምኩ።

ይህ የሆነው ሰኔ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ረቡዕ ነበር፣ የሰኔ ጾምም ገና አልተፈታም። ለረጅም ጊዜ ሁለቱን ነገሮች አያይዤ አላየኋቸውም። ቅቤው የእምነት ጉዳይ ነው፣ ፊርማው የሥራ ጉዳይ ነው ብዬ ለያይቼ አስቀምጫቸው ኖሬያለሁ። ሳህኑን የመለሰውም ወረቀቱን የፈረመውም አንድ ቀኝ እጅ መሆኑ የታየኝ ዓመት ቆይቶ ነው። ከታየኝ በኋላ ግን አልለቅ አለኝ። አሁንም አለቀቀኝም። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ሰኔ 30

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሰኔን ያውቃታል። በጀቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። እስከዚያ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ የከረመ ግዥ ሁሉ ሰኔ ላይ ነፍስ ይዘራል። ሰው እስከ ማታ ያመሻል። ኮሪደሩ በአቅራቢዎች ይሞላል። ስልክ አይነሳም፣ ከተነሳም ይጮህበታል።

እኔ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ዕቃ ሲገባ ቆጥሬ እረከብና ሞዴል 19 እቆርጣለሁ። ሂሳብ ክፍል ለአቅራቢው የሚከፍለው ያንን ወረቀት አይቶ ነው። ወረቀቱ ላይ ብዙ መስመር፣ ብዙ ሳጥን አለ። የሚናገረው ግን አንድ ነገር ነው፤ «ይህን ዕቃ በዓይኔ አይቼ፣ ቆጥሬ ተረክቤያለሁ» ይላል። ሌላ ምንም አይልም።

የዚያን ዓመት ዕቃ የማተሚያ ቀለም ነበር። አቅራቢው በሁለት ሳምንት ይደርሳል አለ። ሰኔ 30 ግን ነገ ነው። አለቃዬ ቢሯቸው ጠሩኝ። ደግ ሰው ናቸው። ልጄ በታመመች ጊዜ ከራሳቸው ኪስ አውጥተው የሰጡኝ ሰው ናቸው። እሳቸውም ጾመኛ ናቸው፣ በዚያው ምሳ ቤት ስንት ጊዜ ሽሮ አብረን በልተናል። «ያንተ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው» አሉኝ። ስለ ሐሰት ያነሳ ሰው አልነበረም። ጉቦም የሰጠኝ የለም። ቀለም ካልተገዛ ቢሮው በመስከረም አንድ ደብዳቤ እንደማያትም ተነገረኝ፣ እውነትም ነበር። ፈረምኩ።

ቀለሙ ሐምሌ 19 ቀን መጣ። ቀኑን የማስታውሰው የቅዱስ ገብርኤልና የሕፃኑ ቂርቆስ በዓል ስለነበር፣ አስቀድሼ አርፍጄ ስለገባሁ ነው። ካርቶኖቹ በር ላይ ተደርድረው ጠበቁኝ። ቆጠርኳቸው። አንድም አልጎደለም።

ምንም አልተፈጠረም። ክፉው ነገር ይኸው ነው። አንድ ካርቶን ጎድሎ ቢሆን ኖሮ እደነግጥ ነበር። ኦዲተር ቢያገኘው ኖሮ አፍር ነበር። ሁሉም በሰላም ስላለፈ ግን ነገሩ ከበደል ወደ ልምድ ተሻገረ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። በግዥ ክፍል ስሜ ሲነሳ «እሱ ችግር የለውም» ይባል ጀመር። ደስም ብሎኝ ነበር።

በዚያው ክረምት በፍልሰታ ንስሐ ገባሁ። ለንስሐ አባቴ ሁሉን ዘርዝሬ ነገርኳቸው። በሁዳዴ ሰዓት ሳይሞላ የበላሁበትን ቀን። ባለቤቴን የተቆጣሁባቸውን ቀኖች። የቅዳሴ ሰዓት ማርፈዴን። ፊርማውን ግን አላነሳሁም። ለመደበቅ ብዬ አልነበረም፣ ትዝ አላለኝም። ኃጢአት ብዬ በምቆጥረው ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። እንዲያ ሆኜ ቆረብኩ።

ካርቦኑ

በ2015 የመጣው ጉዳይ ትልቅ ነበር። ለትምህርት ቤቶች የሚከፋፈል 240 ኮምባይንድ ዴስክ። ግዥው ጥር ላይ መጀመር ነበረበት። አንዱ ወረቀት አንዱ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር፣ ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ሲቀር፣ ውል የተፈረመው ግንቦት ላይ ነው። ሰኔ 28 ረቡዕ ዴስኮቹ ገና አልተሠሩም። ግማሹ ብረቱ ብቻ ተበይዶ ቆሟል ተባለ።

ዝናብ ይዘንብ ነበር። ግምጃ ቤታችን ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ሲዘንብ ሰው ከሰው አይደማመጥም። አለቃዬ ራሳቸው ጃንጥላ ይዘው ወረዱ። የግዥ ባለሙያውና የአቅራቢው ተወካይ አብረዋቸው ነበሩ። አለቃ ወደ ግምጃ ቤት ሲወርድ ነገሩ ምን እንደሆነ ይታወቃል። እኔም ሳይነግሩኝ መዝገቡን ከመሳቢያ አወጣሁ።

የሞዴል 19 ጥራዝ በእጅ የሚጻፍ ነው። ቅጠሎቹ ተራ ቁጥር አላቸው። ካርቦን በመሃል ይገባል፣ ላይኛው ላይ ጠበቅ አድርገህ ስትጽፍ ታች ላሉት ይደርሳል። ካርቦኑን አስገባሁ። ቀኑን ጻፍኩ። የአቅራቢውን ስም ጻፍኩ። «ኮምባይንድ ዴስክ» ብዬ ጻፍኩ። በብዛት ሳጥን ውስጥ 240 ብዬ ጻፍኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ዓምና የሠራሁትን ነው የምሠራው።

ያን ጊዜ ረዳቴ መጣች። ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው፣ አብራኝ አንድ ዓመት አልሞላትም። ጎበዝ ልጅ ናት። ርክክቡ ላይ የእሷም ፊርማ ያስፈልጋል። እስክሪብቶ ይዛ አጠገቤ ቆመችና ድምፅዋን ከዝናቡ በላይ ከፍ አድርጋ፣

«ጋሼ፣ እኔ የት ጋ ነው የምፈርመው?» አለችኝ።

ዕቃው የታለ አላለችም። የት ጋ ልፈርም ነው ያለችው።

ያቺን ደቂቃ እስከ ዛሬ አልጨረስኳትም። ልጅቷን ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ ላይ ጥርጣሬ የለም። ፍርሃትም የለም። እኔን አምና ነው። አሥራ አንድ ወር ከእኔ ሥራ ተምራለች። ሚዛን እንዴት እንደሚያዝ፣ ቢን ካርድ የሚባለው የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ እንዴት እንደሚሞላ፣ የተበላሸ ዕቃ እንዴት እንደሚለይ አሳይቻታለሁ። ሌላም ነገር ሳላውቀው አስተምሬያት ኖሯል። አለቃ በር ላይ ከቆመ ዕቃ አይጠየቅም።

በልጅነታችን የምንሰማት የሌባው ልጅ ተረት መጣችብኝ። ሊሰቀል ሲል እናቱን ጠርቶ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ያላት። ሁልጊዜ ስሰማት ራሴን የማስቀምጠው በልጁ ቦታ ነበር። ያን ቀን እናትየው ሆንኩ። የዚህች ልጅ እንቁላል እጄ ላይ ነው። እኔ ከፈረምኩ ትፈርማለች። በሚቀጥለው ዓመት ያለ እኔም ትፈርማለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል።

ካርቦኑን ሳብኩት። ከላይኛው ቅጠል ጀምሮ በየቅጠሉ ላይ «ተሰርዟል» ብዬ ጻፍኩ።

«ምነው?» አሉ አለቃዬ።

«ዕቃው ሲገባ እቆርጣለሁ» አልኩ።

«ለልጆች እኮ ነው። ለእኔ ኪስ መሰለህ እንዴ?»

«አይደለም። ለእርስዎ ኪስ እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«አልገባማ።»

ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም። ጥቅስ አልጠቀስኩም። ስለ እምነቴ ምንም አላወራሁም። ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። የግዥ ባለሙያው «ዘንድሮ ሃይማኖተኛ ሆነሃል መሰለኝ» አለኝ። ዝም አልኩት። አለቃዬ ግን ዝም የማይባል ነገር ተናገሩ። በቁጣ አልነበረም፣ የተጎዳ ሰው ድምፅ ነበር።

«ዓምና ፈርመህ የለም እንዴ?»

ሰው እምቢ ሲል የሚፈራው ዱላውን ይመስለናል። እኔን ያሳፈረኝ ይህ ጥያቄ ነው። የዓምናው እሺታዬ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ልጅቷም ትሰማለች። «ዓምናም መፈረም አልነበረብኝም» አልኩ። ድምፄ ትንሽ ስለነበር ዝናቡ ይዋጠው አይዋጠው እርግጠኛ አልሆንኩም። ሰምተውት ኖሯል። ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወጡ።

የሄሮድስ ይሉኝታ

ሰኔ 30 ዓርብ ነበር። ቢሮው ሂሳብ ሲዘጋ ይተራመሳል። እኔን ማንም አላናገረኝም። ጠዋት ወደ ሥራ ስመጣ ቤተክርስቲያን ደጃፍ ተሳልሜ ነበር፣ የመጥምቁ ዮሐንስ ልደት ነው። ስንት ዓመት በጀት ዘግቼያለሁ፣ ስንት ዓመትም የዮሐንስን ልደት አክብሬያለሁ። ሁለቱ በአንድ ቀን እንደሚውሉ ልብ ያልኩት ያን ዕለት ነው።

ምሳ ሰዓት ብቻዬን ግምጃ ቤት ተቀምጬ ታሪኩን ደግሜ አነበብኩ። በዮርዳኖስ ወደ ዮሐንስ ቀራጮች መጥተው «ምን እናድርግ?» ብለውታል። እኛን የመሰሉ የቢሮ ሰዎች ናቸው። ሥራችሁን ትታችሁ ገዳም ግቡ አላላቸውም። ከታዘዘላችሁ በላይ አትውሰዱ አላቸው። ወታደሮቹንም ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ከበረሃ የመጣ፣ አንበጣና የበረሃ ማር የሚበላ ሰው ስለ ደመወዝና ስለ ቀረጥ ሲናገር ገረመኝ። እኛ አገር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ ነው ያደግነው። የዮሐንስን ቃል በዓመት አንዴ ከመቅደስ እንሰማለን፣ ይህንን ተረት ግን በየቀኑ ኮሪደር ላይ እንሰማለን።

ከዚያ ሞቱን አነበብኩ። ሄሮድስ ዮሐንስን «አምላክህን ካድ» አላለውም። ለጣዖት ስገድም አላለውም። ዮሐንስ የሞተው ስለ አንድ ጋብቻ «አልተፈቀደልህም» ስላለ ነው። ሰምቶ እንዳልሰማ ቢሆን ኖሮ ማንም ከሃዲ አይለውም ነበር።

ያን ቀን ግን ከዮሐንስ ይልቅ ሄሮድስ ነው የያዘኝ። ማርቆስ የጻፈውን አስተውዬ አላነበብኩትም ነበር። ሄሮድስ ዮሐንስን ይፈራው ነበር ይላል። ጻድቅና ቅዱስ መሆኑን ያውቃል። ሲያስተምር በደስታ ይሰማዋል። የሄሮድያዳ ልጅ አንገቱን ስትጠይቅ እጅግ አዘነ ይላል። አዝኖም አስቆረጠው። ለምን? በሰው ፊት ስለማለ፣ አብረውት በማዕድ የተቀመጡትም ስላሉ። እምቢ ሊላት አልወደደም።

ይህንን በእኛ ቋንቋ አንድ ቃል ይጨርሰዋል። ይሉኝታ ነው። ሄሮድስ ዮሐንስን ጠልቶ አልገደለውም፣ እንግዶቹን አፍሮ ገደለው።

እኔም ዓምና የፈረምኩት በይሉኝታ ነው። ገንዘብ አላገኘሁበትም። አለቃዬ በልጄ ሕመም ጊዜ ደርሰውልኛል፣ እንዴት እምቢ እላቸዋለሁ? የሥራ ጓደኞቼ ቆመው ይጠብቃሉ፣ እኔ ማን ነኝና አስቆማቸዋለሁ? የእኛ ሰው በገንዘብ የማይገዛ ስንት አለ። በይሉኝታ የማይገዛ ግን ስንት ነው? ለሽማግሌ ተብሎ፣ ለዘመድ ተብሎ፣ «ምን ይሉኛል» ተብሎ የሚሰጥ የሐሰት ምስክርነት አለ። የሚፈረም ወረቀት አለ። ይሉኝታ ጥሩ ነገር ነው ብለን ስላደግን ደግሞ ጥያቄ አናነሳበትም።

ጀሶ የተቀላቀለበት እንጀራ ተያዘ ሲባል አገር ይንጫጫል። እንዴት ክርስቲያን ሆኖ፣ እንዴት እስላም ሆኖ ይህን ያደርጋል እንላለን። እኔ ያደረግሁት ያው ነው። ወረቀት ላይ ነው የቀላቀልኩት።

ጾምንም እንደገና እንዳስብ አደረገኝ። ዓመቱን ብንቆጥረው ከግማሽ የማያንስ ቀን እንጾማለን። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ አለ፣ ነቢያት አለ፣ ፍልሰታ አለ። ይህ ሁሉ «አይ፣ ይቅርብኝ» የማለት ልምምድ ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ለሥጋ፣ ለወተት፣ ለቅቤ እምቢ ብያለሁ። ይህ ሁሉ ልምምድ ግን አፌ ላይ ቀርቶ ወደ እጄ አልወረደም። ጾሙን አላቃልልም። እንዲያውም ያን ሰኔ ጾሙ ባይኖር፣ ያ «አይሆንም» የሚል ድምፅ በሰውነቴ ውስጥ ቦታ ባይኖረው ኖሮ፣ ካርቦኑን የምስብበት ጉልበት አላገኝም ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን ስንት ዓመት ፈጀብኝ!

የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት በየቀኑ በታክሲ አልፈዋለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ጣሊያን ፊት ቆመው እምቢ ያሉትን አባት እያየሁ፣ እኔም በዚያ ዘመን ብኖር እንደሳቸው እሆን ነበር ብዬ ራሴን የምሸነግልበት ጊዜ ነበር። አሁን በዚያ ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ። እኔ ዘንድ የመጣው መትረየስ የያዘ ጠላት አልነበረም። ሻይ ጋብዞኝ የሚያውቅ ሰው እስክሪብቶ ይዞ መጣ፣ ያንንም አልቻልኩም።

አምስት ልጆች በአንድ ዴስክ

አሁን የሚከብደኝ ቦታ ላይ ደረስኩ።

ገንዘቡ ተመለሰ። ዴስኮቹ በአዲሱ በጀት እንደገና ሂደት ጀምረው ጥቅምት ላይ ገቡ። ያው አቅራቢ ነው ያመጣቸው። ደህና ዕቃ ነበር። ብየዳው ጠንካራ፣ እንጨቱ ደረቅ። ሰውዬው አጭበርባሪ አልነበረም። ያን ሰኔ ብፈርምለት ኖሮ፣ እንዳለው በነሐሴ ያስረክብ ነበር። «ደግ አደረግሁ፣ ሌባ ነበር» የምልበት ነገር እግዚአብሔር አልሰጠኝም።

ዴስክ ከሚደርሳቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ ለሰፈሬ ቅርብ ነው። መስከረም ላይ በሥራ ምክንያት ገባሁ። አንድ ክፍል በሩ ክፍት ነበር። ለሦስት የተሠራ ዴስክ ላይ አምስት ልጆች ተጣበው ተቀምጠዋል። ዳር ላይ ያለችው ግማሽ አካሏ ከዴስኩ ውጭ ነው፣ እንዳትወድቅ አንድ እግሯን መሬት ላይ ተክላለች። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጽፋለች። መምህሩ እኔን አያውቁኝም። ልጅቷም አታውቀኝም። እኔ ግን ያቺን እግር አልረሳትም።

ስለ እምነት ዋጋ መክፈል ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ። ዋጋውን የምከፍለው እኔ እንደሆንኩ ነበር የሚመስለኝ። የእኔን እምቢታ ዋጋ ያቺም ልጅ ከፈለች፣ ሳትጠየቅ። ለባለቤቴ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ብትፈርም ይሻል ነበር?» አለችኝ። አይሻልም አልኳት። «ለምን?» አለች። ያን ማታ መመለስ አቃተኝ።

ከብዙ ቀን በኋላ የመጣልኝ መልስ ይህ ነው፣ ሙሉ መልስ ነው አልልም። ያቺ ልጅ ዴስክ ያጣችው ጥር ላይ ነው። ወረቀቱ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሳምንት ሲያድር፣ ኮሚቴው ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ሲባል፣ ያን ጊዜ ነው ያጣችው። የተኙት ሁሉ ደመወዛቸውን በልተው፣ መጨረሻ ላይ የቆመው ሰው በሐሰቱ እንዲሸፍንላቸው ይፈለጋል። እሱ ከፈረመ ደግሞ በሚቀጥለው ጥርም ይተኛል፣ ሰኔ ላይ የሚፈርም ሰው አለና። የእኔ ፊርማ ልጅቷን ለአንድ ዓመት ያስቀምጣት ነበር፣ እንቅልፉን ግን ለዘለዓለም ያስቀጥለዋል።

ይህን አምናለሁ። እግሯ ግን አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ሁለቱን አብሬ ይዤ ነው የምኖረው። እምቢ ያለ ሰው ንጹሕ ልቡ ደረቱን ነፍቶ እንዲሄድ አይፈቅድለትም። ቢፈቅድለት ይፈራ እላለሁ። እምነቴ ነው እያለ ሰው የሚያስለቅስ ግትርም አይቻለሁ። በሰርግ ዘፈን ጉዳይ ከወንድሙ ጋር አሥር ዓመት የተኳረፈ ሰው አውቃለሁ፣ አቋሜ ነው ይላል። የእኔንም እምቢታ በዚያ ሚዛን ላይ ደጋግሜ አስቀምጬዋለሁ። ኩራት ኖሮበት ይሆን? ረዳቴ ፊት ትልቅ ለመባል ፈልጌ ይሆን? ትንሽ ሳይኖርበት አይቀርም። ለእግዚአብሔር የምናቀርበው ነገር ሁሉ እንዲህ ቅልቅል ነው።

መዝገብ ቤት

በኅዳር አዛወሩኝ። ቅጣት ነው ያለኝ የለም። «ልምድህ መዝገብ ቤት ያስፈልጋል» ተባልኩ። የሥራ አፈጻጸም ነጥቤም ወረደ። የቀድሞ አለቃዬ ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታ አይነፍጉኝም፣ ምሳ ግን አብረን አንበላም። ይህ ከነጥቡ በላይ ጎድቶኛል። በፋሲካ ማግስት ቤታቸው ሄጄ እንኳን አደረስዎ አልኳቸው። ባለቤታቸው ዶሮ አቀረቡልኝ። እሳቸው ስለ ዝናቡ አወሩኝ። እኔም ስለ ዝናቡ አወራሁ። ለሁለታችንም ያን ቀን የሚቻለው እሱ ነበር።

ለንስሐ አባቴ ሁሉን ነገርኳቸው፣ ከቅቤው እስከ ዴስኩ። ጎበዝ እንዲሉኝ ጠብቄ ነበር፣ አልዋሽም። አላሉኝም። መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ እንደያዙ፣

«የመጀመሪያው ወረቀት የት አለ?» አሉኝ።

«የቀለሙ?»

«አዎ።»

«መዝገብ ቤት ይኖራል አባቴ።»

«አንተስ አሁን የት ነው የምትሠራው?» አሉኝ።

በማግስቱ ፈለግሁት። የ2014 ጥራዞች ከታችኛው መደርደሪያ ላይ በሲባጎ ታስረው፣ አቧራ ለብሰው ነበሩ። የእኔ ጥራዝ ሦስተኛው ነው። ቅጠሉን ሳገላብጥ የካርቦኑ ሰማያዊ ጣቴ ላይ ቀረ። «ሰኔ 29 ቀን 2014»። ከታች ፊርማዬ። የሚያምር ፊርማ ነው፣ ሳልቸኩል የፈረምኩት መሆኑ ያስታውቃል። አጠገቡ የሌላ ሰው ፊርማ አለ። እኔን አይቶ የፈረመ።

አንድ ወረቀት አወጣሁና ማስታወሻ ጻፍኩ። በዚህ ቁጥር የተቆረጠው ሞዴል 19 ላይ የተመለከተው ዕቃ በተጻፈው ቀን አልገባም፣ የገባው ሐምሌ 19 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፣ ቀኑን አሳስቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኩ። ስለ አለቃዬ አልጻፍኩም። አብሮኝ ስለፈረመው ጓደኛዬም አልጻፍኩም። የእኔን ብቻ ነው የጻፍኩት። ስሜን ጻፍኩ፣ ቀን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ከዚያ ወደ ውስጥ ኦዲት ይዤ ወጣሁ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ።

ኦዲተሯ ወጣት ናት። አነበበችው። ወደ እኔ ቀና አለች፣ እንደገና አነበበችው።

«ይህንን ማን ጠየቀዎት?» አለችኝ።

«ማንም» አልኳት።

ወንበሩን በእጇ አሳየችኝ። «ይቀመጡ እስቲ» አለች፣ እስክሪብቶዋንም አነሳች።